«የፎስተር ልጅ ትምህርት የእናንተ ጣጣ አይደለም» ላሉት ጸሐፊ

ሰሞኑን በቴሌግራም ግሩፖች እየዞረ ያለውን ጽሑፍ ያላየ ሐበሻ ያለ አይመስለኝም። ለእኔ የማውቀው ሰው ሁሉ ልኮልኛል። ግማሹ «እውነታቸውን ነው» ብሎ፣ ግማሹ «አንቺ ፎስተር እናት አይደለሽ እንዴ፣ እስቲ መልስ ስጪበት» ብሎ። እሺ፣ ይኸው።

ጽሑፉ እዚህ አሜሪካ ፎስተር ወላጅ ለመሆን ለሚያስቡ ወገኖቻችን እንደ ምክር የቀረበ ነው። ነገሩን ለማያውቅ፣ በደል ወይም ቸልተኝነት የደረሰበት ልጅ በፍርድ ቤት ውሳኔ ከወላጆቹ ተለይቶ ለጊዜው ሌላ ቤት ሲያድግ ነው ፎስተር የሚባለው። በ2023 በመላ አገሪቱ ከ340 ሺህ በላይ ልጆች በዚህ ሁኔታ ላይ ነበሩ። (ዓመቶቹን ሁሉ በፈረንጅ ነው የምጽፈው።)

የጸሐፊውን ሐሳብ ሳላዛባ ላስቀምጠው። ልጁ ጊዜያዊ እንግዳ ነው፣ የእናንተ ድርሻ ማብላት፣ ማልበስና ማስተኛት ነው፣ ትምህርቱ የመንግሥት ጣጣ ነው ይላሉ። ልጁ እንደመጣ የድሮ ትምህርት ቤቱን አስትታችሁ እናንተ ሰፈር አስገቡት፣ አዲስ ጅማሬ ይሻለዋል ይላሉ። እኛ በኩራዝ ተምረን እዚህ ደርሰናል፣ እነዚህ ላፕቶፕና ነጻ ምሳ እያላቸው የሚወድቁት በስንፍና ነው ይላሉ። ትምህርት ቤቱ «ልጁን እንመርምረው» ካለ አትፈርሙ፣ ስሙ ይበላሻል ይላሉ። በመጨረሻም ኮሌጅ ለእነዚህ ልጆች አይሆንም፣ ገንዘቡም የለም፣ 18 ሲሞላው ሥራ ይግባ ብለው ይጨርሳሉ።

ሁሉም ከንቱ ነው አልልም። አንዳንዱ ከልምድ የመጣ እንደሆነ ያስታውቃል። ዋናው ምክር ግን የተሳሳተ ነው፣ አንዳንዱም ከሕግ ጋር ይጋጫል። እኔ የምኖረው ሜሪላንድ ነው። የፌዴራሉ ሕግ የትም አንድ ነው፣ ዝርዝሩ እንደየስቴቱ ይለያያል። ደግሞ እኔ ቤት ስላደጉት ልጆች ታሪክ የምትጠብቁ ካላችሁ፣ አታገኙም። ማንነታቸውን ማውጣት አይፈቀድም፣ ባይከለከልም አላደርገውም።

ልጁ ጊዜያዊ ነው የሚለው እውነት ነው። የፎስተር ዓላማ ልጁን ለወላጆቹ መመለስ ነው፣ ከሥርዓቱ ከሚወጡት ግማሽ ያህሉም ወደ ቤተሰባቸው ይመለሳሉ። ይህን መቀበል የሚከብደው ሰው የፎስተር ወላጅነት ፈቃዱን ባያወጣ ይሻላል። ግን ጸሐፊው «ዛሬ መጥቶ ነገ ይሄዳል» የሚሉት ነገ ብዙ ጊዜ ከአንድ ዓመት በላይ ነው። ዓመት ለእኛ ምንም ላይሆን ይችላል። ለሁለተኛ ክፍል ልጅ ግን ማንበብ የሚለምድበት፣ ካልሆነም ሳይለምድ የሚያልፍበት ጊዜ ነው። ሳይለምድ ካለፈ ደግሞ በሚቀጥለው ዓመት የሳይንስ መጽሐፉንም፣ የሒሳብ ጥያቄውንም አያነበውም።

«የመንግሥት ጣጣ ነው» ለሚለው፣ እስቲ መንግሥት የተባለው ማን እንደሆነ እንይ። የልጁን ጉዳይ የምትይዘው ሶሻል ወርከር አለች። በእጇ ብዙ ልጅ አለ፣ ሥራው አድካሚ ስለሆነም ስሟን ለምደነው ሳናበቃ በሌላ ሰው ትተካለች። ዳኛው አለ። ልጁን በየስንት ወሩ ነው የሚያየው፣ እሱም ባብዛኛው በወረቀት። የልጁ ጠበቃ አለ። ወላጅ እናቱ አለች፣ ልጇ ከእጇ ቢወጣም ስለ ትምህርቱ የመወሰን መብቷ ብዙ ጊዜ አብሮ አይሄድም። አስተማሪዋም አለች፣ እሷ ልጁ ፎስተር መሆኑን ጭራሽ ላታውቅ ትችላለች። እያንዳንዳቸው አንድ አንድ ወረቀት በእጃቸው አለ። ከምሽቱ አንድ ሰዓት ላይ ልጁ ቦርሳውን እንኳ እንዳልከፈተ የሚያየው ግን ከእነዚህ ማንም አይደለም። ቤት ያለው ሰው ነው። ሕጉም ይህን ገብቶታል። ከ2014 ጀምሮ ፎስተር ወላጅ ማንኛውም አስተዋይ ወላጅ የሚወስነውን የዕለት ተዕለት ነገር ራሱ እንዲወስን የፌዴራል ሕግ ይፈቅድለታል፦ የክፍል ጉዞ ላይ መፈረም፣ ኳስ ቡድን ማስገባት፣ ጓደኛው ቤት ልደት መላክ። ለአንዲት የሙዚየም ጉዞ የሶሻል ወርከር ፊርማ ሲፈለግ አውቶቡሱ ጥሎት የሚሄድበት ጊዜ ነበር እኮ።

ጸሐፊው እግረ መንገዳቸውን «እንግሊዝኛችንም አይበቃም» ብለዋል። ይህ ብዙ ሰው የሚፈራው ነገር ስለሆነ አላልፈውም። እዚህ ሜሪላንድ የሞንትጎመሪ ካውንቲ ትምህርት ቤቶች ለወላጅ የሚያወጧቸውን ዋና ዋና መረጃዎች በአማርኛም ያወጣሉ። የዋሽንግተን ዲሲ መሥሪያ ቤቶችም በ2004 በወጣው የቋንቋ ሕግ መሠረት አማርኛ ተናጋሪን ማስተናገድ አለባቸው። እንግሊዝኛ ለሚከብደው ወላጅ በስብሰባ ላይ አስተርጓሚ ማቅረብ በየትኛውም ስቴት ያለ የሕዝብ ትምህርት ቤት ግዴታ ነው፣ ውለታ አይደለም። የቤት ሥራ ማገዝ ደግሞ አልጀብራ ማወቅ አይደለም። ጠረጴዛ ማጽዳት፣ ቲቪ ማጥፋት፣ አጠገቡ መቀመጥና «እስቲ ይሄ ምን ይላል፣ አስረዳኝ» ማለት ነው። ይህን ማንም ይችላል።

አሁን በጣም ወዳናደደኝ ነጥብ ልምጣ፣ ትምህርት ቤት ቀይሩለት ወደሚለው። ጸሐፊው በቅን ልቦና እንደጻፉት አምናለሁ። የእኛ ሰው ቤት ሲገዛ እንኳ መጀመሪያ የሚያየው የትምህርት ቤቱን ደረጃ ነው። «እኔ ሰፈር ያለው ከአሥር ዘጠኝ ነው፣ እሱ የነበረበት አራት ነው፣ ምን ይጠየቃል?» ይባላል።

ብዙ ይጠየቃል። ይህ ልጅ በአንድ ቀን እናቱን፣ ክፍሉን፣ ሰፈሩን፣ አንዳንዴም ወንድምና እህቱን አጥቷል። ያልተነካበት ነገር ትምህርት ቤቱ ብቻ ነው። ስሙን የምታውቅ የካፍቴሪያ ሴትዮ አለች፣ ምሳ አብሮት የሚበላ ጓደኛ አለ፣ ሲከፋው ፊቱን ዓይታ የምታውቅ አስተማሪ አለች። ቤቱ ተቃጥሎበት በእግሩ ባለው ጫማ ብቻ ያመለጠን ሰው፣ አዲስ እንገዛልሃለን ብሎ ጫማውን እንደማስወለቅ ነው።

ለዚህም ነው በ2008 የወጣው የፌዴራል ሕግ የሕፃናት ጉዳይ መሥሪያ ቤቱ ልጁ በነበረበት ትምህርት ቤት የሚቆይበትን መንገድ በዕቅዱ ውስጥ እንዲያስገባ ያስገደደው። በ2015 የወጣው የትምህርት ሕግ ደግሞ ያንኑ ግዴታ በትምህርት ቤቶቹም ላይ ጣለው። መነሻው ልጁ በነበረበት ይቀጥላል የሚል ነው። መቀየር የሚቻለው ለልጁ እንደማይበጀው ተመዝኖ ሲወሰን ነው። ትራንስፖርቱንም የትምህርት ዲስትሪክቱና የሕፃናት ጉዳይ መሥሪያ ቤቱ ተነጋግረው ያመቻቻሉ፣ በጀት የለንም ብሎ ነገር የለም። ትምህርት ቤት ቀይሩ የሚለው ምክር እንግዲህ ሰው እንደፈለገ የሚያደርገው ምርጫ አይደለም። ሰነፍ ሶሻል ወርከር ካጋጠማችሁ «እናንተ ሰፈር ብናስመዘግበው ይቀላል» ትላችኋለች። ለማን ነው የሚቀለው ብላችሁ ጠይቁ።

ከፍ ያለ ክፍል ላይ ሲሆን ደግሞ ጉዳቱ በቁጥር ይታያል። ሃይስኩል የሚያስመርቀው ክሬዲት፣ ማለትም ለተጨረሰ ኮርስ የሚያዝ ነጥብ ነው። ልጁ ሴሚስተሩ መሀል ላይ ሲነሳ የጀመረው ኮርስ ክሬዲት ሳይያዝለት ሊቀር ይችላል። አዲሱ ትምህርት ቤት ኮርሱን በሌላ ቅደም ተከተል ስለሚሰጥ ያንኑ ባዮሎጂ እንደገና ያስጀምረዋል። እንደገና ቤት ሲቀየር እንደገና። ስቴት ከተሻገረ ይብሳል፦ ሜሪላንድ ለመመረቅ 75 ሰዓት የበጎ ፈቃድ አገልግሎት ትጠይቃለች፣ መንገድ ተሻግሮ ዲሲ ሲገባ 100 ይሆናል። እንዲህ እየሆነ አንድም ኮርስ ሳይወድቅ 17 ዓመቱ ላይ የዘጠነኛ ክፍል ክሬዲት ይዞ የሚቀር ልጅ አለ። ከዚያ እኛ «ሰነፍ» እንለዋለን።

ጸሐፊው የሚያሸንፉበት ቦታም አለ። የስድስት ዓመት ሕፃን ጠዋት ለአንድ ሰዓት ተኩል፣ ማታ ለአንድ ሰዓት ተኩል ያህል መኪና ውስጥ ይቀመጥ አልልም። የበደለው ዘመድ ደጃፉ ላይ የሚጠብቅበት ትምህርት ቤትም ይቀጥል አልልም። ሕጉም ርቀቱና ትምህርት ቤቱ ለልጁ ተስማሚ መሆኑ ይታይ ነው የሚለው። መቀየሩ የግድ ሲሆን ደግሞ አዲሱ ትምህርት ቤት ወረቀት ጎደለ ብሎ ልጁን መመለስ አይችልም፣ ወዲያው ተቀብሎ ዶክመንቱን ራሱ ከድሮው ያስመጣል። «የክትባት ካርዱን አምጪና ሰኞ እንነጋገራለን» የሚል የትምህርት ቤት ሠራተኛ ቢገጥማችሁ፣ ዲስትሪክቱ ውስጥ የፎስተር ልጆች ጉዳይ ተጠሪ ሰው አለ፣ እሱን አገናኙኝ በሉ። ይቺ አንዲት ዓረፍተ ነገር ብዙ በር ትከፍታለች። ልጁንስ ማን ጠየቀው? በጽሑፉ ውስጥ አንድም ቦታ «ልጁን ጠይቁት» የሚል የለም።

ወደ ኩራዙ። እኔም በኩራዝ ከተማሩት ነኝ፣ ስለዚህ ይህን ለመናገር አላፍርም። በኩራዝ ስናጠና እናታችን እዚያው ክፍል ውስጥ ነበረች። ጠዋት ስንነቃ የት እንደምንነቃ እናውቅ ነበር። ደግሞ «በኩራዝ ተምረን እዚህ ደረስን» የምንለው የደረስነው ብቻ ነን። ማትሪክ ወድቆ የቀረው የክፍል ጓደኛችን ፌስቡክ ላይ ወጥቶ ስለ ኩራዝ አይጽፍም። ከሌላው ሁሉ ይልቅ ደግሞ ችግር ሁሉ አንድ ዓይነት አይደለም። ድህነት አንድ ነገር ነው፣ «ዛሬ ማታ የት ነው የማድረው» ብሎ እየፈሩ ክፍል ውስጥ መቀመጥ ሌላ ነው። ክፍል ውስጥ የሚያንቀላፋው ልጅ ሌሊቱን በማያውቀው ቤት ሲገላበጥ አድሮ ሊሆን ይችላል። ብዙ ቀን የሚቀረውም ሰንፎ ላይሆን ይችላል፤ የፍርድ ቤት ቀጠሮው፣ ከእናቱ ጋር የሚገናኝበት ሰዓት፣ የሐኪሙና የሥነ ልቦና ባለሙያው ቀጠሮ ሁሉ በትምህርት ሰዓት እየተያዘለት ነው። ይህን ሶሻል ወርከሯን «ከትምህርት በኋላ አድርጉት» ብሎ በመጨቅጨቅ ማስተካከል ይቻላል። ሁልጊዜ አይሳካም፣ ግን ካልጠየቃችሁ በጭራሽ አይሆንም።

ነጻ ምሳውን በተመለከተ ትክክል ናቸው። ከ2010 ጀምሮ ፎስተር ልጅ የገቢ ፎርም ሳይሞላ ነጻ ይበላል። ምሳ መብላት ግን ክፍልፋይ አያስተምርም።

ሥርዓት ያስፈልጋል ሲሉም እስማማለሁ። የመኝታ ሰዓት፣ ስልክ ከክፍል ውጭ ማሳደር፣ የቤት ሥራ ሁልጊዜ በተመሳሳይ ሰዓትና በተመሳሳይ ቦታ መሥራት፣ እነዚህ ለእንደዚህ ያለ ልጅ ከማንም በላይ ይጠቅሙታል፣ ምክንያቱም ነገ ምን እንደሚሆን የሚያውቅበት ሌላ ነገር የለውም። ግን ያቺ «ትንሽ ቁንጥጫ» የምትለዋ ቀልዳቸው አላሳቀችኝም። ፎስተር ልጅን መምታት ክልክል ነው፣ ፈቃዱን ስንወስድ የምንፈርመው ነገር ነው። የተመታ ልጅ ከቤታችሁ ይነሳል፣ ሲነሳ ምናልባት ትምህርት ቤቱም አብሮ ይቀየራል።

ጸሐፊው ጨርሶ ያላነሱት አንድ ነገር አለ። ከፎስተር ልጆች መካከል ብቻቸውን የተሰደዱም አሉ። እንደ ማይ አይኒ ካሉ ኢትዮጵያ ውስጥ ከነበሩ የስደተኞች ካምፖች የመጡ ኤርትራውያን ወጣቶች ለእንደዚህ ዓይነት ልጆች በተዘጋጀ ፕሮግራም ወደ አሜሪካ ገብተው በየቤተሰቡ አድገዋል። 16 ዓመቱ ሆኖ አምስተኛ ክፍል ላይ ትምህርት ያቋረጠን ልጅ ዘጠነኛ ክፍል አስገብቶ «ላፕቶፕ ሰጥተነው ወደቀ» ማለት ምን ይባላል? ሜሪላንድ ውስጥ እስከ 21 ዓመት የሕዝብ ትምህርት ቤት መማር ይቻላል፣ ይህን የሚነግረው ሰው ካላገኘ ግን 18 ሲሞላው ያለፈበት መስሎት ይተዋል። ትግርኛ ወይም አማርኛ የሚናገር ቤት ያገኘ ልጅ ግማሹን መንገድ ሄዷል። እኛ እዚህ ላይ ማንም ፈረንጅ የማይችለውን እንችላለን፣ ጸሐፊው ግን አብሉና አስተኙ ይሉናል።

ስለ ምርመራው ባጭሩ። «አትፈርሙ፣ እብድ ብለው ይመዘግቡታል» የሚለው ፍርሃት በእኛ ማኅበረሰብ ውስጥ ሥር የሰደደ ስለሆነ ጸሐፊው ብቻቸውን አይወቀሱም። ግን ነገሩ እንዲህ ነው። የልዩ ፍላጎት ትምህርት ሕጉ ከ1975 ጀምሮ ያለ ነው። ምርመራው በአጠቃላይ ያለ ፈቃድ አይጀመርም፣ ፈቃዱ ከተሰጠ በኋላም ቀነ ገደብ አለው፣ ስቴቱ የራሱን ካላወጣ 60 ቀን ነው። ውጤቱ ሚስጥር ነው፣ ዲፕሎማ ላይ አይጻፍም። አይ.ኢ.ፒ. የሚባለው ዕቅድ ከወጣ ልጁ ተጨማሪ የፈተና ሰዓት፣ የንግግር ወይም የንባብ ባለሙያ ያገኛል፤ ትምህርት ቤት ቢቀይርም አዲሱ ትምህርት ቤት ተመሳሳይ አገልግሎት መስጠት አለበት። ለሚዘዋወር ልጅ ይህ ወርቅ ነው። ደግሞ የሚፈርመው ሰው ምናልባት እናንተ ላትሆኑ ትችላላችሁ። ወላጅ እናቱ፣ ወይም ለዚሁ ጉዳይ የተመደበ ተወካይ ሊሆን ይችላል። «አልፈርምም» ብሎ ከመኩራራት በፊት መብቱ የማን እንደሆነ መጠየቅ አይከፋም።

አንድ ስጋታቸው ግን ልክ ነው። ሐዘንና ፍርሃት ያለበት ልጅ ቀልቡ ሲበተን በችኮላ «የትኩረት ችግር» የሚባልበት ጊዜ አለ። እንግሊዝኛ ያልለመደም እንደዚሁ። ለዚህ መልሱ ምርመራውን መከልከል አይደለም። ስብሰባው ላይ ገብቶ «በሚገባው ቋንቋ ነው የተፈተነው?» «ምን እንደደረሰበት ታውቃላችሁ?» ብሎ መጠየቅ ነው።

የቀረው ኮሌጁ ነው። እዚህ ላይ ጸሐፊው ቁጥር ቢፈልጉ እኔው ልስጣቸው። የቺካጎ ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች ኢሊኖይ፣ አዮዋና ዊስኮንሰን ውስጥ በፎስተር ያደጉ ወጣቶችን ለዓመታት ተከታትለው ነበር። 26 ዓመታቸው ላይ የሁለት ወይም የአራት ዓመት ዲግሪ የነበራቸው 8 በመቶ ያህሉ ብቻ ናቸው፣ በአጠቃላዩ ሕዝብ ውስጥ ያሉ እኩዮቻቸው ግን 46 በመቶ። ያሳዝናል። ግን ይህ ቁጥር የልጆቹን ጭንቅላት አይለካም። ያኔ አዮዋና ዊስኮንሰን ልጆቹን 18 ዓመት ገደማ ላይ ሲያሰናብቱ ኢሊኖይ እስከ 21 ታቆይ ነበር፣ ኮሌጅ የመግባት ዕድላቸው የሰፋውም የኢሊኖዮቹ ነው። ዛሬ ሜሪላንድ፣ ቨርጂኒያና ዲሲም ፈቃደኛ ለሆነ ወጣት እስከ 21 ይዘልቃሉ። ስለዚህ «18 ሲሞላው ይወጣል» ማለት በእኛ አካባቢ የቆየ ወሬ ነው።

ሥራ ይግባ ለሚለው፣ እኔ ሥራን አልንቅም። ግማሹ ዘመዴ ሾፌር ነው። ግን ጸሐፊው በምሳሌነት ያነሱት ሲዲኤል (የከባድ መኪና መንጃ ፈቃድ) ራሱ ከስቴት ስቴት ለመንዳት በአጠቃላይ 21 ዓመት ይጠይቃል። እስከዚያ ሦስት ዓመት ልጁ ምን ይብላ? ሙያ የሚፈልግ ልጅም ቢሆን ለሙያ ሥልጠናው የሚከፈል ገንዘብ አለ።

ገንዘቡን እንዘርዝረው እንግዲህ። 13 ዓመት ከሞላው በኋላ በማንኛውም ጊዜ ፎስተር ውስጥ የነበረ ልጅ ፋፍሳ (የኮሌጅ የገንዘብ ድጋፍ ማመልከቻ ፎርም) ሲሞላ ራሱን እንደቻለ ተማሪ ነው የሚቆጠረው፤ የወላጆቹም የእናንተም ገቢ አይጠየቅም። ስለዚህ አብዛኞቹ ፔል ግራንት የሚባለውን የማይመለስ የፌዴራል የኮሌጅ ድጋፍ ያገኛሉ፣ በ2025–26 ከፍተኛው 7,395 ዶላር ነው። በዚያ ላይ ለፎስተር ወጣቶች የተለየ የፌዴራል የትምህርትና የሥልጠና ድጋፍ አለ፣ በዓመት እስከ 5,000 ዶላር፣ እስከ 26 ዓመት ዕድሜ፣ በጠቅላላው ከአምስት ዓመት ላልበለጠ ጊዜ። ሜሪላንድ ደግሞ መስፈርቱን ለሚያሟሉ ፎስተር ወጣቶች በሕዝብ ኮሌጆቿ የትምህርት ክፍያውን ትሰርዛለች። 18 ዓመቱ ላይ ፎስተር ውስጥ የነበረም ሜዲኬይድ የሚባለው የመንግሥት የጤና መድን እስከ 26 ይሸፍነዋል። የራሴ ልጅ ይህን ግማሽ ያህል ቢያገኝ ደስታውን አልችለውም ነበር።

ይህ ሁሉ ግን በራሱ እየሄደ ማንም ቤት አይመጣም። ፎርም ነው፣ ቀነ ገደብ ነው፣ ፎስተር እንደነበረ የሚያሳይ ደብዳቤ ነው፣ ካውንስለሯን ሄዶ ማናገር ነው። ፋፍሳ ብዙውን ጊዜ ኦክቶበር መጀመሪያ ላይ ይከፈታል። ጸሐፊውን አንድ ነገር ብቻ ልለምናቸው፦ ሌላውን ሐሳብ ይዘው ይቆዩ፣ «ገንዘቡም የለም» የምትለዋን መስመር ግን ይሰርዟት፣ ጽሑፉን ላጋሩትም ይንገሯቸው። 12ኛ ክፍል የደረሰ ልጅ ቤቱ ያለ ሰው አምኗቸው ፋፍሳውን ሳያስሞላ ሊቀር ይችላል።